ከበሩ ኋላ የተሰቀለው ነጠላ

ልጄ፣

ትናንት ጠዋት በሬን ደብድበሽ ስትገቢ እሳት ለብሰሽ እሳት ጎርሰሽ ነበር። «እማማ፣ በቢጃማ ሱቅ መውረድ ነውር ነው እንዴ?» አልሽኝ። ቡናው ገና አልፈላም፣ አንቺም ሰርቪስ ሊያመልጥሽ ነውና መልሴን ሳትሰሚ ሄድሽ። እኔን እንቅልፍ ከሸሸኝ ቆይቷል። ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩና አፌ የሚረሳውን እጄ ይያዘው ብዬ ጻፍኩልሽ።

የሆነው ይህ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ለዳቦና ለወተት ወረድሽ። ድብ የተሣለበት ሮዝ ቢጃማ፣ እግርሽ ላይ ነጠላ ጫማ፣ ጆሮሽ ውስጥ ያ ገመድ የሌለው ማዳመጫ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት ደረጃው ላይ አገኙሽና «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሆስፒታል መሰለሽ?» አሉሽ። አንቺም የመለስሽውን መለስሽ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም።

የጠየቅሽኝን በቀጥታ ልመልስ። እስከ ሱቁ ድረስ ነውር ነው አልልም። ከሱቁ ማዶ ላለው ግን ትንሽ እንነጋገራለን።

መጀመሪያ ስለ ሆስፒታሉ ላስረዳሽ፣ ሰውየው ዝም ብለው የተናገሩት አይደለምና። እኔ ባደግሁበት ቤት የሌሊት ልብስ የሚባል ነገር አልነበረም። ቀን የደረብነውን ጋቢ ማታ እንተኛበታለን፤ ጠዋት ያንኑ ጋቢ ደርበን እንወጣለን። ብርድ ሲጠና ቡሉኮ ይመጣል። ሦስትና አራት ልጆች በአንድ ቡሉኮ ሥር እናድራለን፤ ዳር የደረሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲጎትት ይነጋበታል። ቢጃማ የሚባል ነገር መጀመሪያ ያየሁት ሆስፒታል ውስጥ አባቴ ላይ ነው። ታሞ ልንጠይቀው ከእናቴ ጋር ስንሄድ ባለ ሰማያዊ መስመር ሱሪና ሸሚዝ አልብሰውት አልጋ ላይ ተቀምጧል። ወዲያው አላወቅሁትም። ያለ ጋቢው ትከሻው ጠቦ፣ አንገቱ ረዝሞ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። እናቴ ገና ሰላም ሳትለው ነጠላዋን ከላይዋ ገፋ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። ያኔ አባቴ ተመልሶ አባቴ ሆነ።

ስለዚህ ለእኔ ዘመን ሰው ቢጃማ የበሽተኛ ልብስ ነው። አለዚያም ቁርሱን አልጋው ድረስ የሚያመጡለት የባለጸጋ። ሽማግሌው ደረጃው ላይ አንቺን ሲያዩ ትዝ ያላቸው ማን እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ።

ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ ወደ አንቺ ልዙር። ለመሆኑ እሳቸውስ ምን ለብሰው ነበር? ጋቢ! ያደሩበትን ጋቢ! የሌሊት ልብስ ለብሶ ከደጅ መውጣት ነውር ከሆነ የዚህ አገር ሽማግሌ ግማሹ ነውረኛ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቃሊቲ መናኸሪያ ሂጂና እዪ፤ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ የሚሄደው መንገደኛ እንዳደረ ተጀቡኖ ቆሟል፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ታዲያ ጋቢው አልፎ ድብሽ ለምን ተያዘ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጋቢና ነጠላ አፍ አላቸው። አንድ ቁራጭ ሸማ ነው፣ ቁልፍ የለው፣ ኪስ የለው፤ አለባበሱ ግን ለተገናኘሽው ሰው ሁሉ የተለየ ነገር ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ መስቀለኛ ታጣፊዋለሽ። ለቅሶ ቤት ስትሄጂ ታዘቀዝቂዋለሽ፤ ያኔ ጥበቡ ከእግርሽ ወደ ትከሻሽ ይወጣል፣ ሩቅ ያለ ሰው እንኳ ሐዘን እንደ ደረሰብሽ ያውቃል። በጥንቱ ጊዜ ትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ሸማውን ያደገድግ ነበር። ስታገለግዪ ታሸርጪዋለሽ፣ ሲበርድሽ ትከናነቢዋለሽ። አባቴ ታላቁን ሲያገኝ ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ ጎንበስ ይላል፤ ያች ዝቅ ማድረግ «አይቼዎታለሁ» ማለት ነበረች። ሽማግሌውም ጠዋት ያደሩበትን ጋቢ ለብሰው ቢወጡ እኔን ሲያዩ ጫፉን ሰብሰብ አድርገው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አለቀ፤ የሌሊቱ ልብስ የቀን ልብስ ሆነ።

ቢጃማ ይህን ማድረግ አይችልም። ከእንቅልፍሽ ስትነሺ የነበረው ነው፣ ሱቅ ስትደርሺም የነበረው ነው፣ ሽማግሌውን ስታገኚም ያው። ድቡ ለሁሉም እኩል ይስቃል። ጥፋቱ ይሄ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጨርቁማ በራሱ ነውር አያውቅም። ይህን የምልሽ ዕድሜዬን ከጨርቅ ጋር ስለ ጨረስኩ ነው። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፈትል ክፍል የገባሁት ገና ኮረዳ ሳለሁ ነው። ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን በሽርክና ያቋቋሙት ፋብሪካ ነበርና ማሽኑን ያስተማሩን ሕንዶች ናቸው። አመሻሽ ላይ ደጃቸው ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ሰፋ ያለ ነጭ ሱሪ ለብሰው ስናይ «እነዚህ ሰዎች በቢጃማ ደጅ ይቀመጣሉ» እያልን እንስቅ ነበር። ሞኞቹ እኛ ነበርን። ቃሉ ራሱ ከፋርስ ተነሥቶ በሕንድ የዞረ ነው፤ «ፓይ» እግር፣ «ጃማ» ልብስ፣ የእግር ልብስ ማለት ነው እንጂ እንቅልፍ የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ሕንድ ውስጥ ቀን ገበያ የሚኬድበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበት ልብስ ነበር። እንግሊዞች እዚያ ሲገዙ ምቾቱን ወደዱትና አገራቸው ወስደው መኝታ ቤት አስገቡት። ከመኝታ ቤት የወጣ ሳይሆን መኝታ ቤት የገባ ልብስ ነው።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ የተሻለ አይደለም። የፈረንጅ የሌሊት ቀሚስ ከሰልባጅ ቦንዳ ወጥቶ ስንት ሠርግ እንደ ታደመ እኔ አውቃለሁ። አንዱን ራሴ ለብሼዋለሁ፣ ዳንቴሉ ልቤን ወስዶት። የመኝታ መሆኑን የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ከአረብ አገር የተመለሰች የእህቴ ልጅ ናት። ያን ዕለት ግን ነጠላዬን ደርቤ ሙሽራዋን ስሜ በክብር ተቀምጬ በልቻለሁ፤ ይልቁንም ሁለት ሴቶች «ከየት ገዛሽው?» ብለውኛል።

ሌላም አለ። በሦስት ፈረቃ ነበር የምንሠራው። የሌሊት ሽፍት ሲደርሰኝ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቼ ከንጋቱ 12 ሰዓት እወጣለሁ፤ የጥጥ ብናኙ ፀጉሬ ላይ እንደ አመዳይ ተኝቶ። ሌላው ሰው ቁርስ ሲበላ እኔ እተኛለሁ። አንድ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ዓይኔን እያሸሁ፣ የተኛሁበትን ቀሚስ እንደ ለበስኩ ውሃ ልቀዳ ቦኖ ስወርድ አንዲት ጎረቤት አየችኝና «ሰነፍ፣ እስካሁን ተኝታ!» ብላ ለሠፈሩ አዳረሰችው። ሌሊቱን ቆሜ የተበጠሰ ክር ስቀጥል ማደሬን ማን ይንገራት? እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባለ የፋብሪካ አገር ሌሊት ለሁሉም በአንድ ሰዓት አይመሽም። ዛሬም ከቃሊቲና ከቂሊንጦ ፋብሪካዎች ጠዋት የሚመለስ አለ፣ ዘበኛ አለ፣ ነርስ አለ፣ ሌሊት ሲነዳ ያደረ ሾፌር አለ። እኩለ ቀን ላይ በቢጃማ ያየሽው ሰው ሌሊቱን የት እንዳደረ ሳታውቂ አትፍረጂበት። አንቺ ትናንት ተፈረደብኝ ብለሽ ነው የተናደድሽው፤ ነገ ግን ፈራጅ የምትሆኚበት ቀን ይመጣል።

አሁን ስለ ደረጃው። የሁላችሁም ጠብ ያለው እዚያ ይመስለኛል። በድሮ ቤታችን ከጓዳ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ አጥሩ በር፣ ከዚያ ወደ መንደር፣ ከመንደር ወደ አደባባይ ይወጣል። በየደረጃው አንድ ነገር ትጨምሪያለሽ፦ ጓዳ ውስጥ ባዶ እግር፣ ደጅ ላይ ነጠላ ጫማ፣ በሩ ላይ ነጠላ፣ መንደር ስትወጪ ፀጉርሽን ሻሽ ታስሪያለሽ። ኮንዶሚኒየም ይህን ሁሉ በአንድ በር ቆረጠው። በሩን ከፍተሽ አንድ እርምጃ ስትራመጂ ከጓዳ በቀጥታ አደባባይ ነሽ። ወይስ አይደለሽም? ደረጃው የማን ነው? አንቺ «ደጄ ነው» ትያለሽ። አንድ ብሎክ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እንዲሁ ይላል። ሽማግሌው ደግሞ ሰው ከሚተላለፍበት መንገድ አይለዩትም። ቱሉ ዲምቱም ሂጂ ኮዬ ፈጬ፣ ይህ ጥያቄ በየብሎኩ አለ፤ ኮሚቴ ተሰብስቦ ስለ ውሃ ፓምፕና ስለ ጥበቃ ደመወዝ ይወስናል፣ ስለዚህ ግን ማንም አፉን አይከፍትም።

የልጅ ልጄ ከስልኩ ሲያነብልኝ የቻይናዋ ሻንጋይ ሰዎችም በዚሁ ተጨንቀው ኖሯል። በጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ተጨናንቀው፣ ማድ ቤትና መጸዳጃ ተጋርተው ስለሚኖሩ መተላለፊያው ለእነሱ ሳሎን ነው፤ በቢጃማ ወጥተው አትክልት ይገዛሉ። በፈረንጅ 2010 ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጁ ሹማምንቱ እንግዳ እንዳይታዘበን ብለው በየሠፈሩ ፈቃደኞች አሰማርተው በቢጃማ አትውጡ አሏቸው። በዚያው ዓመት በዌልስ፣ ካርዲፍ ከተማ፣ አንድ የቴስኮ መደብር በሌሊት ልብስ የመጣ ደንበኛ አይገባም ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ አንሁይ በሚባለው የቻይና ግዛት ሱጆ የተባለች ከተማ ሹማምንት ባሰባቸው፤ በቢጃማ መንገድ የወጡትን ሰዎች በካሜራ ለቅመው ስማቸውንና ፎቶአቸውን ለሕዝብ ዘረጉት። ቁጣ ተነሣባቸውና ይቅርታ ጠየቁ። ይህን ስሰማ «ነውሩ እዚህ ላይ ነው» አልኩ። ስለዚህ አደራሽን፣ ከሰገነትሽ ላይ ሆነሽ ታች የሚሄደውን ሰው ስልክሽ ላይ እየቀረጽሽ ለሳቅ አታውጪ። ባለፈው ወንጌላዊቷን ሴትዮ ከነቢጎዲናቸው አሳይተሽኝ ስቄ ነበር፤ እኔም ጥፋተኛ ነኝ።

የልብስ ቁጣ እኛም ዘንድ አዲስ አይደለም። መጋቢት 1960 ስድስት ኪሎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሊደረግ ሲል ተማሪዎች አጭር ቀሚስ የባዕድ ባህል ነው ብለው ተነሡ፤ እንግዶቹን አዋከቡ፣ ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ወሬው አቃቂ ሲደርስ እኛ የፋብሪካ ሴቶች ምሳ ሰዓት ላይ ተከራከርንበት። እነዚያ ልጆች በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡ ናቸው፤ ንጉሥ አልፈሩም። የልጃገረድ ጉልበት ሲያዩ ግን እንደ አያቶቻቸው ደነገጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ስለ ልብስ ሲጮህ ስሰማ መጀመሪያ የምመለከተው ልብሱን የለበሰው ማን እንደሆነ ነው።

እዚህም እንደዚያው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረምሳ በካናቴራና በቁምጣ፣ ደረቱን ገልጦ ሲጋራ ሊገዛ ሲወርድ «ሆስፒታል መሰለህ ወይ?» ያለው የለም። የቤት ሠራተኛ ልጅ ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ ለዳቦ ስትላክ የሚሰደበው ልብሷ ነው፤ የላካትን ማንም አይናገርም። ይህን ለሽማግሌው እኔው ነግሬያቸዋለሁ። ወደው አይደለም የሰሙኝ።

ታዲያ ከሱቁ ማዶስ? ባንክ፣ ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ፣ የልጅ ትምህርት ቤት በር፣ ታክሲ፣ ቃሊቲ መጨረሻ ላይ የምትሳፈሪበት ባቡር፦ እነዚህ ላይ ድቡን ተዪው። ሕግ የሚይዝሽ ሆኖ አይደለም፤ ሕግ የሚማረው የልጅ ልጄ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አገላብጦ ቢጃማ የሚል ቃል አላገኘበትም። ግን መስኮት ፊት ባለጉዳይ ሆነሽ ስትቆሚ ልብስሽ ቀድሞሽ ይናገራል። ትክክል ነው አልልሽም። ነገር ግን ማኅተም የያዘ ሰው አንዴ ከላይ እስከ ታች አይቶሽ «ከሰዓት በኋላ ተመለሺ» እንዲልሽ ሰበብ አትስጪው፤ ያ ሰበብ የስንት ቀን ሰልፍ እንደሚያስከፍል እኔ ቀምሼዋለሁ። የስስ ጨርቅ ነገርም አለ፣ ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት ፀሐይ ከደረጃው መስኮት ሲገባ። የሚያፈጠው ሰው ጥፋት የራሱ ነው፣ በአንቺ አላሳብበውም። እኔ ግን ሴት ስለሆንኩ እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ዓመት ክረምት፣ አንደኛ ፎቅ ያሉት አባት ያረፉ ሌሊት ትዝ ይልሻል? ጩኸቱ ሲሰማ ሁላችንም ወጣን። እኔ በቀሚስ ላይ ሹራብ ገልብጬ ለብሼ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ በቱታ፣ ሽማግሌው በዚያው በጋቢያቸው። አንቺም ይህንኑ ቢጃማ ለብሰሽ ነበር፣ ያው ሮዙ፣ ያው ድብ። ወንበር ከጋራ መገልገያ ቤቱ ያወጣሽ አንቺ ነሽ፣ የሟቹን ባለቤት ደግፈሽ እስኪነጋ የተቀመጥሽ አንቺ ነሽ። ድቡን ያየ አልነበረም። ያን ሌሊት ለብሰሽ፣ ተቀባብተሽ፣ ፀጉርሽን አበጥረሽ ብትመጪ ኖሮ ነበር ሰው የሚታዘብሽ። ጠዋት ግን ቤትሽ ገብተሽ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ተመለስሽ። ማንም አልነገረሽም። ሌሊትና ጠዋት የሚፈልጉትን አንቺው ለይተሽ አወቅሽ፤ እና ትናንት እኔን የምትጠይቂኝ ምኑን ነው?

ሽማግሌውን ትናንት ከሰዓት ቡና ጠርቻቸው ነበር። አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ፣ ስለ ስድ አደግነት፣ ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ዘመኑ አወሩ። በረካው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ። «አለፈችኝ እኮ» አሉኝ። «ፊት ለፊት ተገናኝተን እንደ ደረጃው ብረት አለፈችኝ።» ከዚያ ወዲያ ስለ ቢጃማ አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁባቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ጠዋት ደረጃው ላይ የሚቆሙት ለፀሐይ ይመስልሽ ነበር? በዚያ ሰዓት ሰባት ስምንት ሰው እንደምን አደሩ ይላቸዋል። ቀናቸው እሱ ነው። ጆሮሽ ውስጥ ያለው ነገር እንዳትሰሚ አደረገሽ እንጂ ሰላም ብለውሽም ይሆናል፤ እሱን ግን አይናገሩም፣ ኩሩ ናቸው።

ለመለስሽላቸው ቃል ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ለቢጃማው አይደለም። እሳቸውም ለሆስፒታሉ ይጠይቁሽ እንደሆን እናያለን፤ ባይጠይቁሽ አትቆጪ፣ የእኛ ዘመን ወንድ ይቅርታውን በሎሚ ነው የሚልከው። ከወንድማቸው ጓሮ የመጣ ሎሚ በፌስታል በርሽ ላይ ተንጠልጥሎ ካገኘሽ ያ ነው።

ፋብሪካ ስሠራ ከበሬ ኋላ ምስማር መትቼ አንድ ነጠላ እሰቅል ነበር። ለመርዶ፣ ለእሳት፣ ለድንገተኛ እንግዳ፣ ለቦኖ። ምን ለብሼ እንደምተኛ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በሩን ስከፍት ነጠላው ቀድሞ ትከሻዬ ላይ ነው። ኪዳን ለመድረስ ሌሊት ከሚሮጡት ሴቶች መካከል አንዷን ከነጠላዋ ሥር ምን እንዳለ የሚጠይቅ ቄስ እስከ ዛሬ አላየሁም። ምስማሩን ወደዚህ ቤትም ይዤው መጥቻለሁ፣ ቤት አስረካቢው ግድግዳ አትብሱ ቢልም።

አሁን ሁለት ነጠላ አለኝ፤ አንዱ ጥበቡ አረንጓዴ ነው፣ ከሮዝ ጋር አይጣላም። ነገ ስትወርጂ አንኳኪና ውሰጂው፤ ሻይ አፍልቼ እጠብቅሻለሁ። ለእኔ አራት ዳቦ፣ ለሁለተኛ ፎቅ ደግሞ ሁለት። የእሳቸውን አንቺው አድርሺ።